ሞረድ የነካው ሽጉጥ

የጦር መሣሪያ ጥበብ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው በወርቅ የተለበጠው ነው። የአሜሪካው ኮልት ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጆን ሄንሪ ፊትዝጀራልድ ግን ጥበቡን ያሳየው በመቀነስ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን ለኪስ እንዲመቹ አድርጎ ይለውጥ ነበር፤ አፈሙዙን ወደ ሁለት ኢንች ያሳጥራል፤ ልብስ እንዳይዝ የመቺውን ጭራ ይቆርጣል፤ የእጀታውንም ጠርዝ ያለዝባል። እስከዚህ ድረስ ሞረዱ የሚመሰገን ነው። ጣት ፈጥና እንድትገባ ሲል የምላጩን ከለላ ከፊት በኩል ቆርጦ መጣሉ ግን ያስፈራል። ያ ቀጭን ብረት ምላጩ ሳይታሰብ እንዳይነካ፣ የተሸካሚውንም ጭን እንዳያቆስል የተበጀ ነውና። ኩባንያው በ1927 ለገበያ ያወጣው ዲቴክቲቭ ስፔሻል አፈሙዙ አጭር ቢሆንም ከለላው ሙሉ ነበር። ሌሎች ባለእጆች ግን የፊትዝጀራልድን አቆራረጥ ወደው ያገለገሉ ሽጉጦችን እንዲሁ ቆራርጠዋል። በእነዚያ ኮልቶች ላይ ከለላው ከሽጉጡ አካል ጋር አንድ ብረት ስለሆነ፣ ከተቆረጠ በኋላ እንደ መለዋወጫ ዕቃ ተመልሶ አይገጠምም።