የአባታችን ሜዳሊያ

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመቱ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

የተባበሩት መንግሥታት የሰጣቸው ሜዳሊያ ሣጥን ውስጥ ነበረ። ጽሑፉ አማርኛ ነው። ፊደል ከቆጠርን በኋላ ራሳችን አነበብነው።

የአገልግሎት ማስረጃቸውን ስናወጣ ግን «ሜዳሊያ፦ የለም» ይላል። እናታችን አዘኑ።

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ሰርቆ ነው ሊሉ ነው?» አሉ።

ወረቀቱን ደግመን አየነው። የአባታችን ስም የሚጀምረው በፀሐዩ ፀ ነው። እዚያ የተጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው። ድምፁ አንድ ነው። መዝገብ ቤቱ ግን አንዱን ሰው ሁለት አድርጓቸዋል!

ማመልከቻ በእጃችን ጻፍን። በወታደር ቁጥራቸው እንዲፈለግ ጠየቅን። ሁለት ሰው አንድ ቁጥር አይይዝማ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ የመሳፈሪያው ነገር አይወራ። በመጨረሻ ሌላ ፋይል ወጣ። ሜዳሊያው እዚያ ተመዝግቧል። ሁለቱን ፋይል አንድ አድርገው አዲስ ማስረጃ ሰጡን።

ቤት ስንገባ እናታችን «አንብቡልኝ» አሉ። አነበብንላቸው።

«ድገሙት» አሉ።