«ሲስተም የለም» ስንል ማን ነው የሌለው?

ከሚሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ስዊች ነው። ትንሽ ታገሱኝ፣ ወደናንተም ይደርሳል።

ከደዌ ሐረዋ የመጡ አንድ አባት ለመሬት ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በሦስተኛው ቀን እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። «ልጄ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ውዬ ማክሰኞ መጣሁ፣ የለም አላችሁኝ። ረቡዕም የለም። ዛሬም የለም። ይሄ ኔትወርክ የምትሉት ሰውዬ የት ነው የሚሄደው?» ተሳቀ። እኔም ሳቅሁና «አባ፣ የቴሌ መስመር ነው፣ ከኛ አይደለም» አልኳቸው።

ውሸት ነበር። ሳላጣራ ነው ያልኩት። መስመሩ ሙሉ ቀን አልተቋረጠም፤ የአለቃችን ኮምፒውተር ላይ ኢንተርኔቱ ይሠራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 24 ፖርት ስዊች ገዝተናል። ዳታ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክም በዚያው ኬብል የሚልክ፣ ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ነው። ግሩም ነገር ነው፤ ጣሪያ ላይ ላለ ካሜራ ወይም ዋይፋይ ሶኬት መዘርጋት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ስዊቹ ለአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጥ ነበር፤ በ2009 ወደ 30፣ በ2018 ደግሞ ወደ 90 ዋት አደገ። ሻጭ የሚነግራችሁ ይህንን ነው። የማይነግራችሁ ስዊቹ በጠቅላላው የሚያከፋፍለው ስንት እንደሆነ ነው። የኛ 190 ዋት ነው። 24 ቀዳዳ አለው ማለት 24 ሰው ያበላል ማለት አይደለም።

አሁን ደምሩ። ስምንት ካሜራ፣ ለእያንዳንዱ 15.4 ዋት ተይዞለት፣ 123.2። ሁለት ዋይፋይ በ30 በ30፣ 60። ድምር 183.2። ሞላ ማለት ነው፤ ቀሪው 6.8 ዋት ነው። በዚህ ላይ ለኃላፊዎች ክፍል አራት የጠረጴዛ ስልክ መጣ፣ እያንዳንዱ 7 ዋት ይያዝለታል። መብራት በሌለበት ሰዓት የመጀመሪያዎቹ ፖርቶች ላይ ተሰኩ፣ ካሜራዎቹ ወደ ቀጣዮቹ ተገፉ። መብራት ሲመጣ ስዊቹ በራሱ ሕግ ከፖርት 1 ጀምሮ አደለ። 24ኛው ጋ ሲደርስ አለቀ። 24ኛው ላይ የነበረው የመስኮቱ ዋይፋይ ነው።

ስልኮቹ በርተዋል። ባለጉዳዩ ቆሟል።

ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የግዥ ኮሚቴው ውስጥ ስፔስፊኬሽኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ገልብጬ፣ «ፍጥነት፦ በፖርት 1 ጊጋ ቢት» የሚለውን በደማቁ አስምሬ፣ «ፒኦኢ፦ ያለው» ብዬ አለፍኩ። ስንት ዋት? አልተጻፈም። ፕሮፎርማ ያመጡት ሁሉ አሟሉ፣ ርካሹ አሸነፈ። ለመሆኑ 1 ጊጋ ለምን ነበር? የውጭ መስመራችን 10 ሜጋ ቢት ነው፤ ከፖርቱ ፍጥነት መቶኛው። ላስቲክ ቱቦ ከቧንቧው የበለጠ ቢሰፋ ባልዲው ቶሎ አይሞላም። ያውም ግማሾቹ ኬብሎቻችን ጊጋውን አያገኙትም። ጊጋ ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ አንዱ ጥንድ ተቀጥፎ ከሆነ ቢበዛ በሁለት ጥንድ ወደሚሠራው ወደ 100 ሜጋ ይወርዳል። አይጥ ስፔስፊኬሽን አታነብም።

በየከተማው ስለ ዲጂታል አገልግሎት ይወራል። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ፕላዝማ ትምህርት የመጣ ጊዜ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ መምህሩ ከስክሪን ሊያስተምረን መጥቶ መብራት ሲጠፋ ጥቁር መስታወት ሆኖ ይቀር ነበር። እኛ አገር ፍጥነት ይመረቃል፣ ኃይል አይጠየቅም።

ለማስተካከል አንድ ሳንቲም አላስፈለገም። ስዊቹ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፖርት ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። መስኮቱን ከፍተኛ፣ የጓሮውን ካሜራ ዝቅተኛ አደረግሁት። ዩፒኤሱም አሁን መብራት በሄደ ቁጥር ስምንት ካሜራ አይቀልብም፤ ካሜራዎቹን አንድ በአንድ ለይቼ ወደ ሌላ ምንጭ አዞርኳቸው። ይህን ለአለቆቼ ሳስረዳ አንዱ «ታዲያ ስልኬ ይጠፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዳንዴ ሊጠፋ እንደሚችል ነገርኩት። አሁንም አኩርፏል።

ሥራው ያለቀው ዓርብ ከሰዓት ነው። አባቱ ግን ሐሙስ ተመልሰው ሄደዋል። ስልክ ቁጥር አልሰጡም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ፋይላቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰኞ ወደ ባቲ የሚሄድ ሹፌር ጠይቄ ቃል እንዲያደርስ ልኬያለሁ፤ ገበያው ውስጥ ካገኛቸው።