ምስሉን የሚመርጥልን ማን ነው?

ከፖለቲካው ጫጫታ ለጥቂት ደቂቃ ፋታ ወስደን ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን ዎልፔፐር ስለምንለው፣ በኮምፒዩተራችን ገጽ ላይ ስለሚዘረጋው ምስል።

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የየቢሮው ኮምፒዩተር ለዓመታት የሚያሳየን አንድ ምስል ነበር፤ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና። ፎቶግራፉን ቻርለስ ኦሪር የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ አነሣው፤ ማይክሮሶፍትም በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ለዓለም አዳረሰው። ስንቶቻችን ከእንጦጦ ይልቅ ያን ኮረብታ ደጋግመን እንዳየነው ሳስብ ይገርመኛል። ምስሉ መጥፎ አልነበረም፤ የመረጥነው ግን እኛ አልነበርንም።

ለምን አልቀየርነውም? ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ዋናው እንቅፋት ፍለጋው ነው። አዲስ ምስል የሚሻ ሰው በማስታወቂያ የተጨናነቁ ድረ ገጾች፣ ሲዘረጉ የሚደበዝዙ ትንንሽ ፎቶዎችና ባለቤታቸው የማይታወቅ ሥራዎች ይገጥሙታል። እርግጥ ነው፣ ቴክኖሎጂው መላ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 በአንድ ፎልደር ያከማቸናቸውን ምስሎች በየተራ ይለዋውጥልን ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስፖትላይት በተባለው አገልግሎቱ አዳዲስ ምስሎችን ራሱ ያመጣል። ምቹ ነው፤ ይሁን እንጂ መራጩ ዛሬም ሌላ ነው።

ራሱ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ አለ። የስሜን ተራሮች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የፋሲል ግንብ ፎቶዎች በነፃ ፈቃድ ተቀምጠውበታል፤ የየምስሉ የፒክስል መጠንም አብሮ ስለሚጻፍ ለገጻችን መብቃት አለመብቃቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ፎቶዎቹ በአብዛኛው የተሰየሙት በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ነው። በአማርኛ የሚፈልግ ተማሪ የገዛ አገሩን ከፊቱ እያለች ያጣታል። በዚያ ላይ የፊደላችን ጣጣ አለ፤ አንዱ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር»፣ ሦስተኛው «ሃረር» ብሎ ይጽፋል። ለጆሯችን አንድ የሆነው ቃል ለማሽኑ ሦስት ሊሆን ይችላል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፎቶግራፍን ስም ግን መልአክ አያወጣውም፤ ሰው መጻፍ አለበት። ኮመንስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ለእያንዳንዱ ፎቶ በየቋንቋው አጭር መግለጫ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ፍለጋውም ይህን መግለጫ ይመለከታል። አንድ ሰው ዛሬ በአማርኛ አንድ መስመር ቢጽፍ፣ ነገ ሌላው ያን ምስል በቀላሉ ያገኘዋል ማለት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የመንግሥት መመሪያም አያስፈልገውም። አርባ ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል እያንዳንዱ አሥር መግለጫ ቢጽፍ፣ አራት መቶ ምስሎች በቋንቋችን ተፈልገው የሚገኙ ይሆናሉ።

ስለ ባህል ወረራ በየስብሰባው አብዝተን እናማርራለን። ነገር ግን ያለንን ሳንሰይም፣ ሳንመድብ፣ ለፈላጊ ሳናመቻች ሌሎች የመረጡልንን ብናይ በማን እንፈርዳለን? የኮምፒዩተር ገጽ ትንሽ መስኮት ነው። በዚያ መስኮት በኩል ምን እንደምናይ የመወሰኑ ሥልጣን ግን የእኛው ነውና እንጠቀምበት።