የማትሄድ መርከብ

መርከብን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከወገቧ በላይ ነው። በፎቶግራፍም ሆነ በፊልም፣ ወደብ ዳር ቆሞ ለሚመለከታትም ቢሆን፣ የምትታየው ከውሃው በላይ ያለችው ብቻ ናት፤ የቀረው አካሏ የባሕሩ ምስጢር ነው። እኔ በደጋ አገር፣ ከባሕር እጅግ ርቄ ተወልጄ ሳለ፣ መርከብን መጀመሪያ ያወቅኋት ከሥሯ ነው። ከ2003 እስከ 2005 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዱባይ ውስጥ ለመርከብ ጥገና ሠራተኛ በሚያቀርብ አንድ አነስተኛ ድርጅት የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ የትኛው ታንክ ውስጥ ወረደ እያልኩ እመዘግባለሁ። ብየዳ አልችልም፤ ብሎን እንኳ በወጉ አላጠብቅም። ከብረት ሰዎች መካከል እጄ የማይቆሽሽ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ድራይ ዶክ የሚሉት በባሕር ዳርቻ የተሠራ፣ ወለሉና ግድግዳው ኮንክሪት የሆነ፣ በአንድ ወገን በብረት በር የሚዘጋ ግዙፍ ገንዳ ነው። በዱባይ ሦስት ገንዳዎች አሉ፤ ሥራ የጀመሩት በ1983 ነው፤ የትልቁ ርዝመት ከ500 ሜትር ይበልጣል። መርከቧ ከመምጣቷ በፊት በደረቁ ወለል ላይ ከኮንክሪትና ከእንጨት የተሠሩ ጉቶዎች ይደረደራሉ። አደራደሩ በዘፈቀደ አይደለም፤ የመርከቧ ንድፍ ተዘርግቶ፣ አጥንቷ የሚያልፍበት መስመር ተለክቶ ነው። ከዚያ ገንዳው በውሃ ይሞላል፣ በሩ ይከፈታል፣ መርከቧ በጎታች ጀልባዎች እየተመራች ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ፓምፖቹም ሥራቸውን ይጀምራሉ። ውሃው ቀስ እያለ ይጎድላል። ጠላቂዎች ወርደው በጉቶዎቹ ላይ በትክክል መቀመጧን አይተው እስኪወጡ ድረስ ሁሉም ዝም ይላል። ነባሮቹ ሠራተኞች ግን በዚያ ሰዓት መርከቧን ሳይሆን በሩን ነበር የሚያዩት። በማርች 2002 የአንዱ ገንዳ በር ተደርምሶ፣ ሰዎች ውስጥ እየሠሩ ሳለ ባሕሩ ገብቶ፣ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የነባሮቹን ዓይን ግን አይቻለሁ።

ውሃው ተሟጥጦ ወደ ወለሉ በደረጃ ሲወረድ፣ ከጭንቅላት በላይ የሚዘረጋው ያ ቀይ ሆድ ሰማይን ይጋርዳል። አረንጓዴ ሣር ይዞታል፤ ዛጎል የለበሱ ትንንሽ ፍጥረታት በሺህና በሺህ ተጣብቀውበታል፤ እነርሱ በአየር ላይ ሲሞቱ የሚሸተውን ሽታ ዛሬም አልረሳሁትም። በኃይለኛ ውሃ ይታጠባል፤ አሮጌው ቀለም በሚረጭ አሸዋ መሰል ነገር ይፋቃል። ያን ጊዜ የመርከቧ እውነተኛ ዕድሜ ይወጣል። አንድ ሰው በእጁ ትንሽ መሣሪያ ይዞ እያንዳንዱን ላሜራ በድምፅ ሞገድ ይለካል፤ ዝገት ስንት ሚሊሜትር እንደበላ ይነግረዋል። ከመጠን በላይ የሳሳው በጠመኔ ይከበባል። የተከበበው በእሳት ይቆረጣል፤ በምትኩ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። አንድ ትልቅ መርከብ በአንድ ጥገና በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ብረት ልትቀይር ትችላለች። በእኛ አገር መኪና በየዓመቱ ተመርምራ ቦሎ ይለጠፍላት የለ? መርከብም ቦሎ አላት፤ ትልቁ ምርመራዋ በየአምስት ዓመቱ ነው። እርሱን ያላለፈች መርከብ መድን የሚገባላት፣ ጭነት የሚሰጣት አታገኝም።

ከሁሉ የሚያስፈራው የነዳጅ መርከብ ታንክ ነው። ባዶው ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነዋ። ስለዚህ ታንኩ ይታጠባል፣ አየር ይነፋበታል፣ አንድ ኬሚስት ገብቶ ይለካል። የሚተነፈሰው አየር በቂ መሆኑን፣ የሚቀጣጠል ጋዝ አለመኖሩን አረጋግጦ ወረቀት ይለጥፋል፤ ወረቀቱ በየቀኑ ይታደሳል። ወረቀቱ ያልተለጠፈበት መግቢያ ላይ የማንንም ስም አልመዘግብም ነበር። አለቃዬ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተቆጥቶኛል፤ ይቆጣ።

ጋሼን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ፤ ወጣትነታቸውን ምጽዋ ላይ ያሳለፉ፣ በ1991 ባሕር ኃይሉ ሲበተን በመርከብ ወደ የመን የተሻገሩ፣ ከየመንም ተንከራተው ዱባይ የደረሱ በያጅ። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በመታወቂያ ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ስም ግን የእርሳቸው አልነበረም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሄደው ወገናችን ስንቱ ለቪዛ ሲል ስሙን ለውጦ እንደሄደ አንባቢ ያውቃል። እኔም በየማለዳው ያን የካርድ ስም በመዝገቤ ላይ እጽፍና «እንደምን አደሩ ጋሼ» እላቸው ነበር። እርሳቸው ደግሞ ይስቃሉ፤ «እርሱ ሰውዬ ዛሬም ገባ?» ይሉኛል። የክርስትና ስማቸውን የነገሩኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

በዚያው በ2004 ዓለም ካየቻቸው መርከቦች ሁሉ ረጅሟ ወደ ገንዳው ገባች። ርዝመቷ 458 ሜትር ነው። ጃፓን ውስጥ በ1979 ተሠራች፤ ቀጥሎ ባለቤቷ አነሰችኝ ብሎ ወገቧን አስቆርጦ መካከሏ ላይ ተጨማሪ አካል አስበየደላትና 564,763 ቶን የምትሸከም ሆነች። ሙሉ ጭነት ስትይዝ ከ24 ሜትር በላይ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ስምንት ፎቅ ያህል መሆኑ ነው። በስዊዝ ቦይ አታልፍም፤ በእንግሊዝ ቻናልም አታልፍም። ሲዋይዝ ጃይንት ትባል ነበር። በሜይ 1988፣ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ ላራክ ደሴት አጠገብ የኢራቅ አውሮፕላኖች መትተው አቃጠሏት። አለቀላት ተባለ። ነገር ግን የሚገዛት ተገኘ፤ ወደ ሲንጋፖር ተወስዳ ተጠገነችና በ1991 ሃፒ ጃይንት ተብላ፣ ብዙም ሳይቆይ ያሬ ቫይኪንግ ተብላ ወደ ባሕር ተመለሰች። ዱባይ የደረሰችው በዚህ ስሟ ነው።

የመጣችው ግን ለጥገና ብቻ አልነበረም። ፕሬስቲጅ የተባለችው የነዳጅ መርከብ በ2002 ከስፔን ዳርቻ ራቅ ብላ ተሰብራ ከሰጠመች በኋላ፣ ባለ ነጠላ ግድግዳ በሆኑት አሮጌ የነዳጅ መርከቦች ላይ ሕጉ ጠበቀ፤ ዘመናቸው ተቆጠረ። ይህችም ነጠላ ግድግዳ ናት። ስለዚህ ተንሳፋፊ የነዳጅ ማከማቻ እንድትሆን ተወሰነ፤ ካታር አጠገብ አል ሻሂን በተባለው የነዳጅ መስክ ላይ ታስራ፣ ከባሕር ሥር የሚወጣውን ድፍድፍ እየተቀበለች ለሌሎች መርከቦች ልታስረክብ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ተራ ጥገና አይደለም። ተመላላሽ መርከብ ዛሬ ያላለቀላት ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ ይሠራላታል። የምትታሰረዋ ግን ለዓመታት ወደ ገንዳ አትመለስም፤ ስለዚህ ገና ሊያረጅ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ መገመት፣ ያልሳሳውንም ላሜራ እንደ ሳሳ ቆጥሮ ማየት ያስፈልጋል። መጓዣዋ ሁሉ ሁለተኛ ነገር ይሆናል፤ ማሰሪያዋ፣ የነዳጅ መቀበያና ማስረከቢያ ቧንቧዎቿ፣ የሠራተኞቿ መኖሪያ አንደኛ ይሆናሉ።

እኔ አዘንኩላት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ በጥላዋ ሥር ተቀምጠን (ጥላዋ መንደር ያስጠልል ነበር) ለጋሼ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መርከብ ካልሄደች ምኗ መርከብ ነው ጋሼ? የጭነት አይሱዙ ቆርጠው፣ ሻንሲዋ ላይ የአውቶቡስ አካል ቀጥቅጠው ሰው እንደሚጭኑባት ዓይነት አደረጓት እኮ። ቅጥቅጥ ነው የምንላት እኛ።»

ጋሼ አገር ቤት በነበሩበት ዘመን ቃሉን አልሰሙትም፤ አስደሰታቸው። ደጋግመው አሉት።

«እንግዲያው የእኔዋም ቅጥቅጥ ነበረች በለኛ» አሉኝ።

የእርሳቸዋ «ኢትዮጵያ» ናት። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት። አሜሪካኖች ኦርካ ብለው በ1944 ለጦርነት ያሰማሯት፣ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ የምታጠጣና የምትንከባከብ መርከብ ነበረች። በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ስትሰጥ የአውሮፕላን ሞግዚትነቱ ቀርቶ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ጋሼ እንደሚሉት፣ ያን የቀድሞ ሥራዋን የሚያስታውሱ ምልክቶች በየቦታው ነበሩባት፤ ወጣቶቹ ግን ማንም አይጠይቅም። ለእነርሱ ከመጀመሪያውም «ኢትዮጵያ» ናት። በ1991 እርሷም ወደ የመን ሸሸች፤ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰችም፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

«መሄድማ እንጨትም በጎርፍ ይሄዳል» አሉ ጋሼ ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደዚያ ሆድ ቀስረው። «መርከብ ማለት ውሃ የማታስገባ ናት። ቆማም ቢሆን ውሃ እንዳታስገባ ሰው የሚጠብቃት። እኛን የመን ላይ የጠፋን ያ ነው፤ ጠባቂ።»

ይህን ንግግራቸውን ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ይልቁንም የየመኗን ሴፈር በተመለከተ የሚወጣውን ዜና ስከታተል በነበርኩባቸው ዓመታት። እርሷም እንዲሁ በ1976 በጃፓን የተሠራች፣ በ1987 ወደ ተንሳፋፊ ማከማቻነት የተለወጠች የነዳጅ መርከብ ናት። የየመን ጦርነት ሲበረታ፣ ከ2015 ጀምሮ ጥገናዋ ተቋረጠ። ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ በሆዷ ይዛ፣ ቀይ ባሕር ላይ፣ ምጽዋና አሰብ ባሉበት በዚያው ባሕር፣ ለዓመታት ስትዝግ ቆየች። ነዳጁ በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ ያለቀው በኦገስት 2023 ነው። ያን ያህል ጊዜ ሳትሰነጠቅ መቆየቷ ያስገርመኛል። ላሜራዋን የበየደው ማን ይሆን?

የ2004 ክረምት ለጋሼ የተለየ ሥራ አመጣ። እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ሲሠራ የሚሰጠው ሰባት አሃዝ ያለው ዓለም አቀፍ ቁጥር አለው። ባለቤቱ ቢለወጥ፣ ሰንደቁ ቢለወጥ፣ ስሙ ቢለወጥ ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ የእኛዎቹ መካኒኮች ሻንሲ ቁጥር የሚሉት ነገር ነው። ከጁላይ 2004 ጀምሮ ታዲያ ቁጥሩ በመርከቧ አካል ላይ በማይጠፋ ሁኔታ፣ ከውጭ ሲሆን ቁመቱ ከ20 ሳንቲሜትር ሳያንስ እንዲጻፍ የሚያዝ ሕግ ጸና። አሮጌዎቹ መርከቦች ከዚያ ቀን በኋላ መጀመሪያ ድራይ ዶክ ሲገቡ እንዲያሟሉ ተባለ። ስለዚህ የሚገባው ሁሉ ቁጥር ፈላጊ ሆነ። ጋሼ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ጽሕፈታቸውም ያማረ ነውና ቁጥር ለማስበየድ የሚጠሩት እርሳቸው ነበሩ። ስም የሚጻፈው በቀለም ነው፤ በአንድ ቀን ተፍቆ ሌላ ይጻፋል። ቁጥሩ ግን ብረት ላይ ብረት ነው።

የግዙፏ ቁጥር 7381154 ነው። ከዱባይ ስትወጣ ስሟ ኖክ ኔቪስ ሆኖ ነበር። እኔ በቃል ያጠናሁት ቁጥሩን ነው።

አንድ ማታ፣ በካምፑ አውቶቡስ ስንመለስ፣ ለጋሼ «የባሕር ኃይል መለያ ቁጥርዎን ያስታውሱታል?» አልኳቸው። ሳያስቡ፣ ልክ በሰልፍ ላይ እንደሚጠራ ሰው፣ ጮክ ብለው አሉት። ከፊት ወንበር አንድ ባንግላዴሻዊ ዞሮ አየን። ከዚያ እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ጋሼ በ2007 አገራቸው ገቡ፤ በራሳቸው ስም። ገላን አካባቢ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ከፍተው በርና መስኮት ይሠሩ ነበር። እኔም ኑሮዬን ወደ ሌላ አገር አዛወርኩ፤ በዓል ሲመጣ እንደዋወላለን። ኖክ ኔቪስ በ2009 መጨረሻ ለመጨረሻ ጊዜ ስሟ ተለውጦ፣ ሞንት ተብላ፣ ህንድ ውስጥ አላንግ በሚባለው የመርከብ ማፍረሻ ዳርቻ በራሷ አሸዋ ላይ እንድትወጣ ተደረገች። ዜናውን አንብቤ ለገና ስደውል ነገርኳቸው። 36 ቶን የሚመዝነው መልሕቋ ብቻ ለመታሰቢያ ሆንግ ኮንግ እንደተቀመጠ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ግን አላውቅም ነበር።

«የእኛ ላሜራስ?» አሉ ጋሼ።

«ከአሮጌው ጋር ይቆረጣል እንጂ ማን ይለየዋል?» አልኳቸው። «እዚያ የሚፈርሰው ላሜራ አብዛኛው እንደገና ይዳመጥና ለግንባታ ፌሮ ይሆናል አሉ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከኋላቸው የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል።

«ፌሮ ከሆነችማ ቤት ሆነች በለኛ» አሉ። ቀጥለውም የላሜራ ዋጋ እንደተወደደ፣ መብራት በየቀኑ እየጠፋ ብየዳ እንዳስፈታቸው፣ ልጃቸውም አሥረኛ ክፍል እንደ ደረሰ አወጉኝ። ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ እርሳቸው ሲያወሩ እኔ ሰማሁ።