ስለ ጣፋጭ ነገርና ስለ ሕፃናት ጥርስ

ሰው ለልጁ ያለውን ፍቅር በብዙ መንገድ ይገልጻል፤ ከመንገዱም ሁሉ የቀለለው ጣፋጭ ነገር መስጠት ነው። ለምክር ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለልብስ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከረሜላ ግን በጥቂት ዋጋ ይገዛል፥ በኪስ ይያዛል፥ የሕፃኑንም ፊት ወዲያው ያበራል። ስለዚህ አባት ከሥራ ሲመለስ፥ አጎት ሊጠይቅ ሲመጣ፥ ጎረቤትም በደጅ ሲያልፍ ወደ ሕፃኑ የሚዘረጋው እጅ ባዶ አይሆንም። ባለሱቁ እንኳ ዝርዝር ሲያጣ በመልሱ ፈንታ ከረሜላ ይሰጣል። ከነዚህ ሰዎች ክፉ አሳቢ የለባቸውም፤ ሁሉም ወዳጆች ናቸው። የነገሩም ክብደት ከዚህ ላይ ነው፤ ከጠላት የሚመጣውን ጉዳት ሰው ይጠነቀቅበታል፥ ከወዳጅ እጅ የሚመጣውን ግን አመስግኖ ይቀበለዋል።

የቀድሞ ሰዎች ጣፋጭ ነገር አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ማር ነበረ፤ ሸንኮራ አገዳም በገበያ ይገኝ ነበር። ነገር ግን ማሩ ለጠጅና ለመድኃኒት፥ ለእንግዳና ለበዓል የሚጠበቅ ስለ ሆነ በየሰዓቱ ወደ ሕፃን አፍ አይገባም ነበር። በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር ለከተማ ሰው የዕለት ምግብ እየሆነ ሄደ። ዛሬ ብስኩትና ከረሜላ፥ ጣፋጭ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ የሌለበት ሱቅ በከተማ ማግኘት ይቸግራል። የቀድሞው ሕፃን ከጣፋጭ የተጠበቀው በወላጁ ብልሃት ሳይሆን በነገሩ ማነስ ነበረ፤ የዛሬውን የሚጠብቀው ግን የወላጁ ዕውቀት ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ጥርስ ሲቦረቦር «ትል በላው» ይላሉ። ነገሩ ትል ባይሆንም አባባሉ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር በአፍ ውስጥ ይኖራልና። ዊሎቢ ሚለር የተባለ በበርሊን ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1890 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በአፍ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የምግቡን ስኳር ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፥ አሲዱም ጥርሱን እንደሚያሟሟው አስረዳ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ ከተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ዋነኛውን ባክቴሪያ ለይቶ ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ ብሎ ሰየመው። በሰው አካል ካለው ሁሉ የሚጠነክረው ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ሽፋን ነው፤ ሆኖም ለአሲድ ይሸነፋል። ምራቅ ግን አሲዱን ያረክሰዋል፥ የሟሟውንም ማዕድን ለጥርሱ ይመልስለታል። ለዚህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሕፃኑ አንዱን ከረሜላ ሳይጨርስ ሌላ ከተሰጠው፥ ምራቁ የጀመረውን ጥገና ሳይፈጽም ጥፋቱ እንደ ገና ይጀመራል።

ብዙ ሰው፥ የተማረውም ጭምር፥ «የወተት ጥርስ መውለቁ አይቀር፤ ቢበላሽስ ምን ይጎዳል?» ይላል። ይህ ነገር ጥበብ ይመስላል እንጂ ጥበብ አይደለም። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ እየበቀሉ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይፈጸማሉ። የፊተኞቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ይወልቃሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ አሥርና እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ስለዚህ በሦስት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረበት ሕፃን፥ ካልታከመ ወይም ጥርሱ ካልተነቀለ፥ ከሕመሙ ጋር ሰባትና ስምንት ዓመት ሊኖር ይችላል። ትንሽ ልጅ የሚያመውን በቃል አያስረዳም፤ ምግብ ይመልሳል፥ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፥ ሌሊት ተነሥቶ ያለቅሳል፥ እናቱም ሆዱን ያመመው መስሏት ሆዱን ታሻለታለች። ጉንጩ አብጦ መግል ሲቋጥር ግን ምክንያቱ ይገለጣል። በዚያን ጊዜ ወላጆቹ ያንን ሁሉ ሥቃይ በገዛ ገንዘባቸው ጥቂት በጥቂት እንደ ገዙት ሲያውቁ የሚሰማቸው ኀዘን ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ነገር ያለው ዕውቀት በምን ዋጋ እንደ ተገኘ ማወቅ ይገባል። በስዊድን አገር፥ በሉንድ ከተማ፥ ቪፔሆልም በሚባል ሆስፒታል የአእምሮ ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከ1947 እስከ 1949 ዓ.ም. ሐኪሞች እነዚህን ሰዎች በየክፍሉ ለይተው፥ አንዱን ወገን ስኳር ከማዕድ ጋር፥ ሌላውን ወገን በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ በማዕድና በማዕድ መካከል አበሉት። ከማዕድ ጋር ስኳር የበሉት ጥቂት ብቻ ተጎዱ፤ የሚጣበቀውን በየመካከሉ የበሉት ግን ጥርሳቸው ክፉኛ ጠፋ። የሥራው ውጤት በ1954 ዓ.ም. ታተመ። ከዚህም የተነሣ ጉዳቱን የሚያብሰው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመብላቱ መደጋገምና በጥርስ ላይ መቆየቱ እንደ ሆነ ዓለም ተረዳ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እሺም እንቢም ለማለት አልተጠየቁም ነበር። የራሳቸው ያልሆነውን ጥቅም በራሳቸው ጥርስ ከፈሉ። ሰው ዕውቀቱን ተቀብሎ የከፈሉትን ቢረሳ ውለታ ቢስ ይሆናል፤ ዕውቀቱን ሰምቶ ባይሠራበት ደግሞ ሥቃያቸውን ሁለተኛ ከንቱ ያደርገዋል።

ስዊድኖች ግን ሠሩበት። ለልጆች ጣፋጭ በየቀኑ መስጠት ቀርቶ በሳምንት አንድ ቀን፥ በቅዳሜ ብቻ እንዲሰጥ ተመከረ፤ የቅዳሜ ከረሜላ የሚባለውም ልማድ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የጾምን ቀንና የፍስክን ቀን፥ የበዓልን ማዕድና የዘወትርን ማዕድ ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ፥ ለሁሉ ጊዜ እንዳለው ከማንም ይልቅ ያውቃልና። የበዓል ጣፋጭ ከበዓል ማዕድ ጋር ቢበላ ደስታው ይበዛል፥ ጉዳቱም ያንሳል፤ በየሰዓቱ የሚበላ ግን ደስታውም ይረክሳል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከመቶ ከ10 እጅ እንዳያልፍ፥ ከመቶ ከ5 እጅ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል አስታወቀ። በዚህም ቍጥር ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ገብተዋል።

በእናቶች ላይ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ሴት ሕፃኗ ሌሊት እንዲተኛላት ስኳር የገባበትን ወተት በጡጦ ብትሰጠው ከድካም የተነሣ ነው። ሆኖም በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚያንስ ከሁሉ የሚከፋው ይኸው የሌሊት ጡጦ ነው፤ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች አስቀድሞ ያጠፋቸዋል። ሌሊት ውኃ ብቻ ቢሰጠው ይሻላል። አያትና አጎትም ከከረሜላ ይልቅ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይዘው ቢመጡ ፍቅራቸው አይጎድልም።

ስለ ጽዳቱም የወይራ መፋቂያ መልካም የአባቶች ልማድ ነው፤ ለሕፃን ግን ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይበልጣል። መጠኑም ከ3 ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ፥ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የሚያህል ነው። ፍሎራይድ በልክ ሲሆን ይጠቅማል፥ ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል፤ ከስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች በብዙዎቹ ውኃ ውስጥ ስለሚበዛ የዚያ አገር ልጆች ጥርስ ሲበልዝ ይታያል። በወንጂ እርሻም ይኸው ጉዳት ደርሷል።

የሕፃኑን ከንፈር ገለጥ አድርጎ በድዱ አጠገብ መመልከት ለማንም አባት አያስቸግርም። በዚያ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ቢታይ የጥፋቱ መጀመሪያ ነው፤ ጣፋጩ ቢቀነስና ጥርሱ በፍሎራይድ ሳሙና ቢጸዳ ገና ሊመለስ ይችላል። ጉድጓድ ከሆነ በኋላ ግን ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ሌላ መመለሻ የለውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ያለ ነገር ነው።