ከአንዱ ዓመት በፊት ያሉት ዓመታት

ባለፈው ሳምንት ከመሐል ሜዳ የመጣው የእኅቴ ልጅ፣ በባሕር ማዶ በአንድ ዓመት የሚፈጸመውን የንግድ ሥራ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመማር የሚሞላውን ማመልከቻ ይዞ ወደ ቤቴ ገባ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወረቀቱን ሳገላብጥ፣ ስሙን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የፈተና ውጤቱን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሰዎችን የመራበትንና ኃላፊነት የተሸከመበትን ሥራ እንዲገልጽ ከሚጠይቀው መስመር ሥር ግን ምንም ሳይጽፍ ትቶት አገኘሁ። ምክንያቱን ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኔ ማንን መርቼ አውቃለሁ?» ብሎ አንገቱን ደፋ። ያ ባዶ ቦታ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከኅሊናዬ ስላልጠፋ፣ ስለ እርሱና እርሱን ስለሚመስሉ የደጋ ልጆች ያሰብሁትን ለወዳጆቼ ላካፍል ወደድሁ።

በአሜሪካ የተለመደው የዚህ ሙያ ትምህርት የሁለት ዓመት ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ የተመሠረተው ኢንሲያድ የተባለው ትምህርት ቤት ግን ዘመኑን አሳጥሮ ትምህርቱን በዓመት ውስጥ መፈጸም እንደሚቻል አሳየ፤ ኋላም የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የንግድ ትምህርት ቤቶች፣ በ2001 ደግሞ በሕንድ አገር በሃይደራባድ የተከፈተው ትምህርት ቤት በዚሁ በአንድ ዓመት ሥርዓት ማስተማር ያዙ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ተቀብለው ያስገቧቸውን ተማሪዎች መልክ፣ ማለትም አማካይ ዕድሜያቸውን፣ የሥራ ዘመናቸውን፣ የሴቶችን ድርሻ፣ የመጡበትን አገርና የሙያ መስክ፣ እንዲሁም ጂማት በሚባለው ፈተና ያገኙትን ነጥብ በአደባባይ ያትማሉ። አመልካቾችም ያንን መዝገብ እንደ መስተዋት ይመለከቱታል፤ ራሳቸውን የሚመስል ያየ ይጽናናል፣ ያላየም ተስፋ ይቆርጣል። የአመልካቹ ብዛት ከዘመኑ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን ብዙዎች ወደ ትምህርት ይሸሻሉ፣ ገበያው በቀና ጊዜ ደግሞ ደመወዙን ትቶ የሚሄደው ያንሳል። አንድ ዓመት ደመወዝ ማጣት ሁለት ዓመት ከማጣት ስለሚቀልም፣ ቤተሰብ የሚጦሩ ሰዎች አጭሩን መንገድ ቢመርጡ አያስደንቅም።

ነገር ግን አጭሩ መንገድ አጭር ሊሆን የቻለበትን ምሥጢር ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ዕውቀቱ በዓመት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያልቅ ስለ ሆነ እንዳልሆነ ይረዳል። በእነዚያ መዝገቦች ላይ የተማሪዎቹ አማካይ ዕድሜ በሃያዎቹ መጨረሻ፣ የሥራ ዘመናቸውም በአብዛኛው አምስትና ስድስት ዓመት ሆኖ መገኘቱ፣ አንዱ ዓመት ከበስተኋላው ባሉት ዓመታት ላይ የቆመ መሆኑን ይመሰክራል። ተማሪው ሰው ሲቀጥርና ሲያሰናብት፣ ሒሳብ ሲጎድልበት፣ የተዋዋለው ሰው ሲከዳው፣ በሌላው ገንዘብ ላይ ታምኖ ሲያድር ያየውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ መምህሩም ያንን የተሸከመውን ነገር ስም ይሰጥለታል፣ በሥርዓት ያስቀምጥለታል። ያለዚያ ሸክም የመጣ ተማሪ ቃላቱን ተምሮ ይመለስ ይሆናል እንጂ፣ ቃላቱ የሚያርፉበት ነገር አይኖረውም።

ይህ ነገር ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣውን ተማሪ የቅኔ መምህሩ የሚመዝነው በዕድሜው ወይም በአባቱ ሀብት ሳይሆን፣ ቀድሞ ባነበበው ንባብ፣ ባጠናው ዳዊትና በልቡናው ዝግጅት ነበር፤ የቆይታውም ዘመን በቀን መቁጠሪያ አልተወሰነም፣ የበሰለው ቶሎ ይቀኛል፣ ያልበሰለው ይከርማል። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ከዚህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት መዓርግ ሲደርሱ፣ ይዘውት የተነሡት የዲግሪ ወረቀት አልነበረም፤ ንባብ፣ ብዕርና በየሥራው የተፈተነ ትጋት ነበር።

ዛሬ በአገራችን ያለው ደጅ ሌላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ተፈትነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም በኀዘን ሰምተናል። በዚህ ጠባብ በር ያለፈው ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ሲመኝም የትምህርት ሚኒስቴር የሚያሰናዳውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተና መኖሩን አልነቅፍም፤ በዝምድናና በትውውቅ የሚከፈተውን በር የሚዘጋ እርሱ ነውና፣ ከገጠር ለመጣ ልጅ ቅን ዳኛ ሊሆንለት ይችላል። ዳሩ ግን ፈተናው የቋንቋንና የሒሳብን ችሎታ ሲመዝን፣ ተማሪው በሰዎች መካከል የሠራውን ሥራ የሚመዝን ሌላ ሚዛን ከጎኑ ካልቆመ፣ የአስተዳደርን ትምህርት አስተዳድሮ ለማያውቅ ሰጥተን፣ አስተዳድሮ የሚያውቀውን ከደጅ እንመልሳለን ብዬ እሰጋለሁ።

የእኅቴ ልጅ በመጣበት በመንዝ ግን አስተዳድሮ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የሚኖሩበት፣ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የወል ሀብት ነው። ባለ ርስቶቹ በየአጥቢያቸው ተሰብስበው አባ ቄራ የሚባለውን ሹም በአንድ ድምፅ ይመርጡ ነበር፤ እርሱም ሣሩ እስኪያድግ ምድሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስም ማን መቼ እንዲያጭድ፣ ከብቱም መቼ እንዲገባ ይወስን ነበር። ዳግመኛ የሚዘጋበትም ቀን ከሐምሌ 5ቱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ጋር የተያያዘ ነበርና፣ ቀኑን አላወቅሁም ብሎ የሚያመካኝ አልነበረም፤ ሥርዓቱን የጣሰውም ብርቱ ቅጣት ይቀጣ ነበር። ጎጆው የሚከደንበት፣ ገመዱ የሚገመድበት፣ እረኛው በክረምት የሚለብሰው ገሳ የሚሠራበት ያ ሣር፣ በ1967ቱ የመሬት ለውጥ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ በዚህ ጥበብ ተጠብቆ ኖሯል፤ ዛሬም ማኅበረሰቡ በሌላ ስያሜ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። የወል ሀብት በስግብግብነት እንዳይጠፋ እንዴት ይያዝ የሚለው ጥያቄ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች የሚመረመር ነው፤ የጓሳ አባቶች መልሱን በሕይወት ሲኖሩት ቆይተዋል፣ በማመልከቻ ቅጽ ላይ ግን የአባ ቄራነት ቦታ የለውም።

ስለ ሴቶችም አንድ ቃል ልናገር። በየትምህርት ቤቱ መዝገብ የሴቶች ድርሻ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ማለቱ በደስታ ይነገራል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ገበያ ርቃ የምትኖር አንዲት እናት፣ የበግ ጠጉር ፈትላ ለባና ሠሪ ስታቀርብ፣ የዕቁቡን ተራ በቃሏ ይዛ ሳታዛንፍ ስታስከፍል፣ ሴት ልጇንም ረጅም መንገድ አስኬዳ ስታስተምር፣ የብድር፣ የመተማመንና የኪሣራ ትምህርት በእጇ ውስጥ ነበረ። ያች ልጅ አድጋ ለማመልከት ስትቀመጥ፣ ከእናቷ የወረሰችው ዕውቀት ዕውቀት መሆኑን የሚነግራት ሰው ከሌለ፣ እርስዋም ያን መስመር ባዶ ትተወዋለች።

ወደ እኅቴ ልጅ ልመለስ። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ፣ «አባትህ በታመመበት ዓመት በጎቹን ማን ጠበቀ?» ብዬ ጀመርሁ። በአሥራ አራት ዓመቱ ሠላሳ በግ ተረክቦ፣ ስንቱን ለፋሲካ ገበያ እንደሚያወጣ፣ ስንቱን ለዘር እንደሚያስቀር፣ ለመድኃኒቱም ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ብቻውን ሲያሰላ መክረሙን አወጋኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በገጠር የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አራት ዓመት ሒሳብ ሲይዝም፣ በልጉ በቀረበት ዓመት አባላቱ ዕዳቸውን መክፈል ባቃታቸው ጊዜ፣ ኮሚቴው በሬያቸውን ይሽጡ ሲል፣ በሬው ከተሸጠ የመኸሩ እርሻ ይቀራል፣ እርሻው ከቀረ ዕዳው ለዘለዓለም ይቀራል ብሎ ተከራክሮ፣ የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘም ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ አሳምኖ ነበር። መኸሩ ሲገባም አብዛኞቹ ከፈሉ። «ይህ መምራት አይደለም ወይ?» ስለው ጥቂት ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ይህማ መኖር ነው ብዬ ነበር የማስበው» አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ እስከ ማታ ጻፈ፤ ቦታው ስላልበቃውም ሌላ ወረቀት ጨመረ።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በአገራችን የንግድ ሥራ አስተዳደርን በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምሩ ሁሉ፣ በየዓመቱ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች መልክ፣ ዕድሜያቸውን፣ የሥራ ዘመናቸውን፣ የሴቶችን ቁጥርና የመጡበትን ወረዳ ጭምር ለሕዝብ ቢያትሙ፣ የጌራ ወይም የግሼ ልጅ በዚያ መስተዋት ራሱን ይፈልጋል፤ ካጣም ለምን እንደ ጠፋ የሚጠይቅ ይነሣል። ከመግቢያው ፈተና ጋርም በቃለ መጠይቅ ወይም በጽሑፍ፣ አመልካቹ በእርሻ፣ በማኅበር፣ በዕድር፣ በገበያ የተሸከመውን ኃላፊነት ይጠይቁት። ሁለተኛው ልመናዬ ለእናንተ በዚህ መንገድ ላለፋችሁ ነው፤ በየቤታችሁ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ የደጋ ልጅ ቢኖር፣ የፊደል ግድፈቱን ከማረማችሁ በፊት ባዶ የተወውን መስመር ፈልጉለት፣ አጠገቡም ተቀምጣችሁ የኖረውን ጠይቁት። የእኅቴ ልጅ መልስ ገና አልመጣም። ቢመጣም ባይመጣም፣ ወደ መሐል ሜዳ የተመለሰው መርቶ እንደሚያውቅ ዐውቆ ነው።