ከልጅ ልጄ ጋር በደንገሉ ዳር

የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ በጥር የትምህርት ዕረፍት ከአዲስ አበባ መጥቶ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አልነቅል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ቀስቅሼ፣ ደብተር፣ እርሳስና የሟች ባለቤቴን አቅራቢ መነጽር አስይዤ ወደ ጣና ይዤው ወረድኩ።

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄደው የእግር መንገድ ለእኔ ጉልበት ይስማማዋል። ዳገት የለውም፤ የዛፍ ጥላ አለው፤ ሲደክም አረፍ ብሎ ቡና የሚጠጣበት አይጠፋም። ፔሊካኖች በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ዙሪያ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ከዛፍ ጫፍ ሲጮህ ልጁ ደነገጠና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አልጠየቀኝም።

ረፋዱ ላይ በጀልባ ወደ አባይ መውጫ ሄድን። እዚያ ውሃው ይረጋጋል፤ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይወዛወዛል። ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ አንድ ቡናማ ወፍ በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። ባለ ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ጉማሬዎቹን ከሩቅ አሳየን።

ልጁ ግን ጭቃውን እያየ፣ «እማማ፣ ይሄ ረግረግ ለምን አይደፈንም? የወባ ትንኝ አይፈለፈልበትም?» አለኝ።

ጥያቄው የእኔው የድሮ ትምህርት ነበር። በ1970ዎቹ ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ወጥቼ የተመደብኩት ከሐይቁ ርቆ ባለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ወባ ቤት ለቤት ትገባ ነበር። ያቆረ ውሃ አፋስሱ ብዬ አስተማርኩ። ሰዉ አምኖኝ ከጉድጓዱና ከኩሬው አልፎ ከመንደሩ በታች ያለውን ሰፊ ረግረግ በቦይ አደረቀው። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ። ከዓመታት በኋላ ለለቅሶ ስመለስ፣ ሴቶቹ በግንቦት ይቀዱበት የነበረው ምንጭ ደርቆ እንስራ ተሸክመው ሩቅ ሲሄዱ አገኘኋቸው። ማንም አልወቀሰኝም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ዛሬ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። በአገራችን ወባን በብዛት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንንሽና ጊዜያዊ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ የረገጠውን፣ ለጡብ አፈር የተቆፈረውን ጉድጓድ። እሱን ማፋሰስ፣ በአጎበርም መተኛት ዛሬም ትክክል ነው። ረግረግ ግን ሌላ ሥራ አለው። ለሐይቅ እንደ ኩላሊት ነው፤ ክረምት የመጣውን ጎርፍ ይይዛል፣ ያጣራል፣ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየማሳው የታጠበውን አፈር ይዘውበት ይገባሉ። በዳሩ ደንገልና ፊላ ካለ አፈሩ እዚያ ይቀራል፤ ከሌለ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ አብሮት የሚታጠበው ማዳበሪያም እምቦጭን ይቀልባል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ እሱ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሐይቁ ዳር የሚያርሰውና ከብት የሚያሰማራው ሰው ካልተጠቀመበት ግን ምዝገባው ብቻውን ደንገል አያበቅልም።

ስንመለስ ታንኳ የሚያስሩ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ታንኳ መሥራት የነገደ ወይጦ ሰዎች የቆየ ሙያ ነው። «ድሮ ደንገል ከደጃችን ነበር፣ እትዬ» አሉኝ። «አሁን ለአንድ ታንኳ ቀኑን ሙሉ እንሄዳለን። ታንኳው ደግሞ ውሃ እየጠጣ በጥቂት ወር ያረጃል፤ ተመልሰን መሄድ ነው።» ልጁ ደብተሩ ላይ ከወፎቹ ሥር «ደንገል» ብሎ ጻፈ።

ልጆች ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ከአውሮፓ ክረምት የሸሹ ሽመላዎች በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ይውላሉ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። በጀልባው ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር። ጉማሬ አመሻሽና ንጋት ላይ ለግጦሽ ስለሚወጣ በዚያ ሰዓት ደንገሉ ውስጥ አትግቡ። ልጆቹ በዳር ውሃ አይዋኙ፣ በባዶ እግር አይግቡ፤ ቀንድ አውጣው ውስጥ ያደገው የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ ይገባል።

ማታ እራት ላይ ልጁ የቆጠራቸውን 17 ዓይነት ወፎች አንብቦልኝ ሲያበቃ፣ «እማማ፣ ያንን ቦይ ታዲያ ለምን መልሰው አይደፍኑትም?» አለኝ።

በማግስቱ እዚያ መንደር ላለች የጥንት ወዳጄ ደወልኩ። ረግረጉ የነበረበት መሬት ዛሬ ታርሶ ሁለት ቤተሰብ እንደሚያበላ ነገረችኝ። እነሱን ተነሱ የሚል አንደበት የለኝም። ከምንጩ በላይ ያለው ጥግ ግን ገና አልታረሰም፤ ከብት ብቻ ይረግጠዋል። እሱን አጥሮ ቄጤማው እንዲያገግም ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሽማግሌዎቹን እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። «አንቺው መጥተሽ ንገሪያቸው፤ ያኔም የሰሙሽ አንቺን ነው» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። ልጁም አብሬ ካልሄድኩ ብሏል።